«አውቶማቲክ» የማን ዓይን ነው?

የሕዝባችንን ባህል ለትውልድ እናቆያለን በሚል ዓላማ በየዓመቱ ብዙ የቪዲዮ ቀረጻ ይካሄዳል። ዓላማው የሚደገፍ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከምስሉ ጋር ነው። ከነዚህ ቀረጻዎች አያሌዎቹን ተቀምጦ የተመለከተ ሰው፣ ሰማዩን ጥርት ብሎ፣ ነጠላውን ነጥቶ፣ የባለ ነጠላዋን ፊት ግን ከሰል መስሎ ያገኘዋል። ይህንን ጉድለት «ካሜራው ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ጥፋቱ ግን የካሜራው ሳይሆን የእኛ ነው። የሌንሱን ሥልጣን ከእጃችን አውጥተን «አውቶ» ለሚባል ማብሪያ አስረክበናል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ቦምቤ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ጊፋታ፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ የሚከበር የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። በዚያ ሰሞን ቦምቤ ነበርሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት የቀረጻ ቡድን አንድ አዛውንት ስለ ቀድሞው ዘመን ጊፋታ ሲያወጉ ይቀርጻል። አዛውንቱ ዱንጉዛቸውን ለብሰው ከጎጆአቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከበስተኋላቸው የተከፈተ በር፣ ከበሩ ባሻገር እንሰቱን የሚያንጸባርቅ የመስከረም ፀሐይ። ወጋቸውን ሲጨርሱ በካሜራው ትንሽ መስኮት ምስላቸውን አሳዩአቸው። አዛውንቱ ረጅም ጊዜ ተመለከቱና «እኔ የቱ ነኝ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ተኝቼ ሳስበው ነው ያፈርሁት።

ካሜራማኑን ጠየቅሁት። ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ማሽኑ ራሱ ያስተካክለዋል፤ እኛ ከነካካነው ይበላሻል ተብለናል» አለኝ። እሱን አልወቅስም። «አትንካ» ብሎ ያሠለጠነውን ሰው ግን እወቅሳለሁ።

ማሽኑ ምን ያስተካክላል? አውቶማቲክ የብርሃን መጥኛ ሰው አያውቅም። ከፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ፣ ውጤቱ አማካይ ግራጫ፣ ማለትም የወደቀበትን ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር እስኪመስል ድረስ የሌንሱን ብሌን ያጠባል ወይም ያሰፋል። ከአዛውንቱ ኋላ ያለው በር ከፊታቸው ብዙ እጥፍ ስለሚበራ፣ ማሽኑ ለበሩ ሲል ብሌኑን አጠበበ። ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 5.6 ሲኬድ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ ወደ ኤፍ 8 ሲደረስ ሩብ ይሆናል። በዚህ መንገድ በሩ ዳነ፤ ሰውዬው ጠፉ። መድኃኒቱ አንድ ቀለበት ነው። አይሪሱን በእጅ መክፈት፣ ፊቱ እስኪታይ ድረስ መክፈት። በሩ ነጥቶ ይቃጠል! በሩን ማን ሊጠይቀው መጣ? «ወንበሩን ማዞር ይበቃ ነበር» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ወንበሩን የሚያዞረው ግን ብርሃኑን ማየት የለመደ ሰው ብቻ ነው። «ማሽኑ ያውቃል» ብሎ ያደገ ዓይን ወንበሩንም አያዞርም።

«አማካይ» የተባለውም ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በፈረንጆቹ ሃያኛ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የኮዳክ ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። እሷ ካማረች ሁሉም እንዳማረ ይቆጠር ነበር። በቪዲዮ ካሜራ ላይም ዜብራ የሚባለውን የብርሃን ምልክት ለፊት 70 ከመቶ ላይ የማቆም ልማድ አለ፤ ይህም የነጭ ፊት መለኪያ ነው። የቦምቤን ገበሬ ፊት በግድ ወደዚያ ብንጎትተው ፊቱም ይገረጣል፣ ነጠላውም ተቃጥሎ ጥለቱ ይጠፋል። ስለሆነም የእኛ ካሜራማን ጥቁር ፊትና ነጭ ሸማ ጎን ለጎን ይዞ ሚዛኑን ራሱ መፈለግ ግዴታው ነው። ይህን ሚዛን ከፋብሪካ ገዝቶ አያመጣውም።

ፎከስም እንዲሁ ነው። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሲሠራ አስቡት። ከፊት የተወጠረ ድር፣ ከድሩ ኋላ ያጎነበሰ ፊት። አውቶማቲኩ ፎከስ ድሩን ይይዛል፤ መወርወሪያው ሲያልፍ ይደነግጣል፤ ወደ ፊቱ ይሮጣል፤ ተመልሶ ክሩ ላይ ያርፋል። ከአረካ ብዙ በማይርቀው የአጆራ ፏፏቴ ፊት ሰው አቁሞ የቀረጸም የውሃው ጉም ካሜራውን እንዴት እንደሚያሳብደው አይቷል። በእጅ የሚሠራ ሰው ዙሙን እስከ መጨረሻው ያስጠጋል፤ የሰውየው ዓይን እስኪጠራ ቀለበቱን ያዞራል፤ ከዚያ ወደሚፈልገው ስፋት ይመለሳል። ሌንሱ በዙም ጊዜ ፎከሱን የሚጠብቅ ከሆነ ሥራው አለቀ።

በነጭ ሚዛን ጉዳይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ገጣሚ ነኝና ቀለም ያሳስበኛል። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚያገኛቸው ብርሃን በቅጠሉ ውስጥ አልፎ የመጣ አረንጓዴ ብርሃን ነው። አውቶማቲኩ አረንጓዴው እንደ በዛ ሲገምት ተቃራኒውን ሐምራዊ ጨምሮ ያርመዋል፤ ፊታቸውም እንደ ታመመ ሰው ይቀላል። ነጭ ወረቀት ወይም ነጠላ ከሌንሱ ፊት ዘርግቶ ሚዛኑን መቆለፍ አንድ መፍትሔ ነው። የእኔ ምርጫ ግን በቀን ብርሃን ልክ፣ በ5600 ኬልቪን ቆልፎ አረንጓዴውን እንዳለ መተው ነው። ከእንሰት ሥር የተቀመጠ ፊት እንሰቱ ቢነካው ምን ነውር አለው? ሲመሽ በሚነደው እሳት ዙሪያም ነገሩ ይኸው ነው። የእሳት ብርሃን 2000 ኬልቪን ግድም ነው፤ ማሽኑ ይህን ቅላት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያነጣው ይታገላል። በ5600 ቢቆለፍ እሳቱ እሳት ሆኖ ይቀራል፤ ቅላቱ የበዛበት በ3200 ያለዝበው።

ተቃዋሚዎቼ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የዛሬው ካሜራ ፊት ለይቶ ያውቃል፤ ለፊት ቅድሚያ ሰጥቶ ፎከስ ያደርጋል፣ ብርሃንም ይመጥናል ይላሉ። ደግሞም ባለሙያው አንድ ነው፤ ድምፁንም፣ እግረ ካሜራውንም፣ ባትሪውንም የሚይዘው እሱ ነው፤ ጨፋሪው «ቁም፣ ቀለበቱን ላዙር» አይባልም። እቀበላለሁ። በሩጫ መካከል ፎከሱን ለማሽኑ መስጠት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የምንናገረው በየወረዳው እጅ ስላለው ያረጀ ካሜራም ጭምር ነው። ፊት ለይቶ የሚያውቀውም ቢሆን ከሦስት ሽማግሌዎች ተናጋሪው የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ዝም ያለው ሽማግሌ እንባው ሲመጣ ወደ እሱ መዞር እንደሚገባም አያውቅም። ለማሽን ውክልና የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚወክለው ሥልጣን በእጁ ሊኖር ይገባል።

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1960ዎቹ አጋማሽ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሠራ ፎከስ በእጅ የሚያዝ፣ ብርሃን በባለሙያ ዓይን የሚመጠን ነበር። በዚያ ፊልም ያሉት ገበሬዎች ፊታቸው ይታያል፤ በፊታቸው ያለው መሬትም ይታያል። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው መሣሪያ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይቀላል። ታዲያ ምን አነሰን?

ሥልጠና አነሰን። በጀት ሲመደብ ካሜራ ይገዛል፤ ካሜራውን የሚይዘው ሰው ግን በግማሽ ቀን ገለጻ ይሸኛል። እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ካሜራውን ከማስረከባችሁ በፊት የ«አውቶ»ውን ማብሪያ በፕላስተር ሸፍናችሁ ሠልጣኙን ለሦስት ቀን ወደ መስክ ስደዱት። አንዱን ቀን በር ጀርባው ካለ ሰው ጋር፣ ሌላውን ከሸማኔ ጋር፣ ሦስተኛውን ከእንሰት ሥር ይዋል። ያበላሽ፤ ማታ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ያበላሸውን ይመልከት። መምህራንም በየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ፤ አንድ ስልክና አንድ ነጭ ሸማ ካለ መጀመር ይቻላል።

የቦምቤው አዛውንት ዛሬም በሕይወት አሉ። ያ ቅጂ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ ድምፁ ጥሩ ነው ይባላል። ቡድኑ ለመጪው ጊፋታ ተመልሶ ሄዶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ እንደገና ይቅረጻቸው።