ፍሬቻ ለጎረቤት ነው



ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው በጣም ትንሽ ነገር ይመስለው ይሆናል። ጉዳዩ ስለ ፍሬቻ ነው። በተለይም በመንገዳችን ዳር በቆሙ ሁለት መኪኖች መሃል ወደ ኋላ እየገባን ስናቆም፣ ከኋላችን ለሚመጣው ሹፌር ስለምናሳየው ወይም ስለማናሳየው ምልክት ነው። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩ የማኅበር ጸሐፊ እንጂ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብዬ የምሰማው የመንገድ ላይ ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ከአንድ ነገር እየተነሣ ስላየሁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሌላው ሰው ጥፋት በፊት የራሴን ልናገር። በመጋቢት ወር አንድ ቀን፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት፣ አሮጌዋን ላዳዬን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ክፍት ቦታ አየሁ። በዚያ ሰዓት ቦታ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ፍሬን ያዝኩና ከፊተኛው መኪና ጎን ቀጥ አልኩ። ፍሬቻ አላሳየሁም፤ እውነቱን ለመናገር ትዝም አላለኝ። ከኋላዬ የመጣው ሚኒባስ ሰው ላወርድ የቆምኩ መስሎት ጭራዬ ሥር ድረስ ተጠጋ። ከሱ ኋላ ሌላ መኪና፣ ከዚያም ሌላ ተደረደረ። እኔ ወደ ኋላ ልግባ ብል መግቢያ የለኝ፤ እሱ ወደ ኋላ ልሽሽ ቢል መሸሻ የለው። ክላክሱ ሰፈሩን አናወጠው። በመጨረሻ ሚኒባሱ ትዕግሥቱ አለቀና መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ሲያልፈኝ፣ በመኪኖቹ መሃል ዳቦ ይዛ የምትሻገር አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከፊቱ ድቅን አለች። ፍሬኑ ሲጮህ የሁላችንም ልብ ቀጥ አለ። እግዚአብሔር አተረፋት። ዳቦው አስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ ልጅቱም እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሮጠች። ሰዉ ሁሉ በሚኒባሱ ሹፌር ላይ ጮኸ፤ እኔም አብሬ ጮህኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለካስ የነገሩ መነሻ እኔው ነበርኩ።

በማግስቱ የልጅቱ እናት ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷም ቡና አፍልታ አስቀመጠችኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ መኪና የለኝም፣ ስለ መኪናም አላውቅም። ግን እናንተ ምን ልታደርጉ እንዳሰባችሁ ካልነገራችሁን ልጄ በምን ትወቅ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ልጅቱ እንኳ ብትተርፍ፣ በዚሁ በምልክት ጉዳይ የተጎዳ ሌላ ነገር አለ። አንድ እድር ውስጥ ያሉ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ ሳያሳይ ቆሞ፣ ሌላው ሳይጠብቅ አልፎ፣ አንድ ስፖኪዮ ስለተሰበረ ሰላምታ አቁመዋል። ስፖኪዮ በገንዘብ ይተካል። ሰላምታ ግን ከየትኛው የመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል?

በዚህ ነገር ሳስብ ሰንብቼ፣ ጡረታ ከወጡ አንድ የሰፈራችን የአውቶቡስ ሹፌር ዘንድ ሄጄ ምክር ጠየቅኩ። እሳቸው መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ቃሉ ነው። ፍሬቻ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቀስት ማለት ነው። ዱሮ በአሮጌ ፎልክስዋገንና በመሰሎቹ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሳይሆን፣ ከበሩ ምሰሶ ላይ እንደ ክንድ ብቅ የምትል ትንሽ ቀስት ነበረች። «እንግዲህ ፍሬቻ ማለት ጣት ነው። ሰው መንገድ ሲያሳይ ጣቱን እንደሚዘረጋው ማለት ነው» አሉኝ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን በቀኝ በኩል ስለምትነዳ፣ ዳር ለመያዝ የምናሳየው የቀኝ ፍሬቻ ነው። ነገር ግን ያው የቀኝ ፍሬቻ በመንገዳችን ላይ ሦስት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ወደ ቅያሱ ልታጠፍ ነው፤ ሁለተኛ፣ ሰው ላወርድ ነው፤ ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ ገብቼ ልቆም ነው። የኋለኛው ሹፌር ከሦስቱ አንዱን መገመት አለበት። ሊታጠፍ ነው ብሎ ከገመተ ይጠጋል፤ ሰው ሊያወርድ ነው ብሎ ከገመተ ዘሎ ያልፋል። ወደ ኋላ ሊመጣ ነው ብሎ የሚገምተው ጥቂቱ ነው። ስለሆነም ፍሬቻ ማብራት ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ ማብራትና ከዚያ በኋላ በሚደረገው ነገር ትርጉሙን ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቀድሞ ስል ምን ያህል ነው? በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህም ሁለት ቪትዝ ተከታትለው እንደሚቆሙ ማለት ነው። ሰውዬው ምልክቱን አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ይህን ያህል መንገድ አልፏል። ስለዚህ ቆመን ካበቃን በኋላ የምናበራው ፍሬቻ፣ ቀብር ከተፈጸመ በኋላ እንደሚነፋ የእድር ጥሩምባ ነው።

ሹፌሩ አባታችን ያስተማሩኝን ሥርዓት እንዲህ በአጭሩ ላስቀምጠው። ክፍቱን ቦታ ከሩቅ እንዳያችሁ በስፖኪዮ የኋላውን ተመልከቱና የቀኝ ፍሬቻ አብሩ። ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጉት፤ ቀዩ መብራት ለኋለኛው «እየቀነስኩ ነው» ይለዋል። ክፍቱን ቦታ እለፉና ከፊተኛው መኪና ጎን ቁሙ። ከዚያ ወዲያውኑ የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ነገር ግን አትንቀሳቀሱ። ነጩ መብራት ሲበራ ሦስቱ ትርጉም ወደ አንድ ይወርዳል፤ ወደ ኋላ እንደምትመጡ ማንም ያውቃል። አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ጠብቁ፤ የኋለኛው መቆሙን፣ እግረኛም አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡና ግቡ። መኪናው ገብቶ እስኪያበቃ ፍሬቻው አይጥፋ። በ1961 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተደረገው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ምልክቱ በእንቅስቃሴው ጊዜ ሁሉ ይቀጥል፣ እንቅስቃሴው እንዳለቀም ይቁም። ከቆምንበት ስንወጣ ደግሞ የግራ ፍሬቻ አብርተን፣ ዞር ብለን አይተን ነው እንጂ አፍንጫችንን አስቀድመን አይደለም።

የኋለኛውም ሹፌር ግዴታ አለበት። ፊት ያለው መኪና ነጭ መብራት ሲያበራ የአንድ መኪና ርዝመት ትታችሁ ቁሙ። አንድ ሰው ገብቶ እስኪቆም አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ክላክስ መንፋት የሰውየውን እጅ ያንቀጠቅጠዋል እንጂ መኪናውን አያፈጥነውም።

አንዳንድ ሰዎች ይህንን ሳነሣባቸው የሚሰጡኝን መልስ ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዱ፣ «ፍሬቻ ካሳየሁ ቦታዬን ይቀሙኛል» ይላል። እውነት ነው፣ ይህን የሚያደርግ አለ። ሆኖም ቦታውን አልፎ ነጭ መብራት ያበራ ሰው ቦታው የሱ ነው ብለን በሰፈራችን ከተስማማን፣ ከኋላ በአፍንጫው ገብቶ የሚቀማው ሰው በጎረቤቱ ፊት ያፍራል። ሌላው ደግሞ «እኔ አራቱንም አበራለሁ» ይላል። አራቱ አንድ ላይ ሲበሩ ግን ወደየት እንደምትሄድ አይናገሩም፤ የኋለኛው ተበላሽቶ የቆመ መኪና ነው ብሎ ይዘልሃል። ሦስተኛው፣ «ልጆቹ ና ና ይሉኝ የለም ወይ?» ይላል። የሰፈራችን ልጆች «ና ና፣ ቁረጥ፣ መልስ፣ በቃ» እያሉ እንጀራቸውን ያበስላሉ፣ ሥራቸውንም አከብራለሁ። ዳሩ ግን ና ና የሚባለው ለሚገባው ሹፌር ነው፤ ከኋላ ለሚመጣው ማን ነገረው? ልጆቹም ከእንግዲህ ወዲህ አስቀድመው እጃቸውን ዘርግተው የሚመጣውን መኪና እንዲያስቆሙ፣ ከዚያ በኋላ ና እንዲሉ እለምናቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በሰፈራችንም የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ መኪኖች ቀስ ሲሉ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ዱሮ እናቶቻችን የሞተር ድምፅ ሰምተው ገለል ይሉ ነበር፤ ዛሬ ግን ጆሮ ብቻውን አያድንም። ስለሆነም መብራቱ ይበልጥ መናገር አለበት።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም፤ ቢበዛ የተቃጠለ አምፖል መቀየር ነው። ባለ መኪና የሆንን ሁሉ በመጪው እሑድ ጠዋት ከመኪናችን ኋላ አንድ ሰው አቁመን ፍሬቻችንን፣ የፍሬን መብራታችንንና ነጩን መብራት እናስመርምር። መብራቱ የተበላሸበት እስኪያሠራ ድረስ የግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ከፍ ዝቅ ያድርግ፤ «ቀስ በል» ማለት እንደሆነ ሁሉም ይረዳዋል። የሚኒባስ ረዳቶች እጃቸውን በመስኮት አውጥተው መንገድ ሲለምኑ ስንቱ ይቆምላቸው የለምን? ሰው ካነጋገሩት ይቆማል።

በመጨረሻ፣ በጉባኤያችን «መንገዱ ላይ መኪና ማቆም ጭራሹን ይከልከል» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ እንደታሰበ ሰምቻለሁ። እኔ በበኩሌ አልደግፈውም። አቅመ ደካሞችን ሐኪም ቤት የምናመላልሰው፣ የለቅሶ ድንኳን የምናጓጉዘው በእነዚሁ መኪኖች ነው። ከመከልከል በፊት መነጋገርን እንሞክር። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው።

ያቺ ልጅ አሁንም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልትገዛ ትሻገራለች። እኔም ስቆም ነጩን መብራት አብርቼ እጠብቃታለሁ። መጀመሪያ ትፈራ ነበር። አሁን መብራቱን ታያለች፣ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ከገባሁ በኋላ ትሻገራለች። እንግዲህ ሕፃን ልጅ የገባት ነገር ለእኛ ለትልልቆቹ አይከብደንም ብዬ አምናለሁ።

አስተያየት ያላችሁ ሁሉ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ባለው ሳጥን እንድታስገቡ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ሰላም ለሰፈራችን!

የማኅበሩ ጸሐፊ