«እስካሁን ማንም አልታመመም» ማለት ምርመራ አይደለም

በአሜሪካ የአጋዘን አደን ወቅት በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፦ ታድኖ የመጣው ሥጋ ከበሽታ ነጻ ነው ወይ? የብዙ አዳኞች መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። «አባቶቻችን በልተውታል፣ እኛም በልተነዋል፣ ማንም አልታመመም።»

ይህ መልስ ልብ ያሳርፍ ይሆናል። ሥጋውን ግን አይመረምርም።

ጥያቄውን ያመጣው «ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ» የሚባለው አጋዘንን እያመነመነ የሚገድል በሽታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ ግዛት በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ በነበሩ አጋዘኖች ላይ ነው። ዛሬ ከ30 በሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች፣ በካናዳ፣ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በደቡብ ኮሪያ ተገኝቷል። መንስኤው ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ጤነኛውን ፕሮቲን ወደ ራሱ ቅርጽ እየለወጠ አንጎልን ይበሳሳል። እንስሳው ይከሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ከዚያም ይሞታል። ክትባትም መድኃኒትም የለውም።

የመጀመሪያው ማምለጫ «እንስሳው ጤነኛ ነበር» የሚል ነው። በሽታው የያዘው አጋዘን ግን ምልክት ሳያሳይ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይሮጣል፣ ይሰባል፣ ለአዳኙ ዓይን ሙሉ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ማምለጫ «በደንብ አብስለነዋል» የሚል ነው። ማብሰል ኢ ኮላይንና ቶክሶፕላዝማን ይገድላል፤ ስለዚህ ያስፈልጋል። ፕሪዮንን ግን የማዕድ ቤት እሳት አያጠፋውም፣ ማቀዝቀዣም አይገድለውም። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በቨርጂኒያ፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸውና በሽታው በተገኘባቸው ግዛቶች፣ ከሥራ ባልደረባ የተሰጠ የአጋዘን ሥጋ እጁ የገባ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ጥሬ ክትፎ ሲደረግ ሁለቱም አደጋዎች አሉ። እስኪያር ሲጠበስ አንደኛው ይወገዳል፣ ሁለተኛው ባለበት ይቀራል። ሚጥሚጣ ለሁለቱም መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛውና ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ነው፦ በዚህ በሽታ መያዙ የተረጋገጠ ሰው እስካሁን የለም። እውነት ነው፤ ሊካድም አይገባም። ነገር ግን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይህንኑ እያወቀ፣ በሽታው ባለበት አካባቢ የታደነ አጋዘን ከመበላቱ በፊት እንዲመረመር፣ በሽታው የተገኘበትም እንዳይበላ ይመክራል። ምክንያቱ ከብሪታንያ ታሪክ ይገባል። እዚያ የእብድ ላም በሽታ በ1986 ታወቀ። በ1990 የግብርናው ሚኒስትር ጆን ገመር ሥጋው አያሰጋም ለማለት በካሜራ ፊት ለትንሽ ልጃቸው በርገር አቀረቡ። በመጋቢት 1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። በኋላ በዚያች አገር 178 ሰዎች በሰው ላይ በታየው የበሽታው ዓይነት ሞቱ። የላም በሽታ ያደረገውን የአጋዘን በሽታም ያደርጋል ማለት አይደለም። ነገር ግን በ1990ም «ማንም አልታመመም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ልክ ነበር። የፕሪዮን በሽታ ለዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ዛሬ ታማሚ አለመኖሩ ስለ ዛሬው ሥጋ የሚናገረው ትንሽ ነው።

ክርክሩ የአዳኙ ነጻነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። አዋቂ ሰው ለራሱ የፈለገውን ይብላ። የአጋዘን ሥጋ ግን አዳኙ ጋ አይቀርም። በአሜሪካ ታድኖ የተገኘ የዱር አጋዘን ሥጋ በገበያ አይሸጥም፤ በስጦታ ነው የሚዞረው። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለምግብ እርዳታ ማዕከላት ይሰጣል። የሱቅ ሥጋ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያየዋል፤ የቄራ ማህተም ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። በስጦታ የመጣው ሥጋ ማህተም የለውም። በሰጪው ቃል ብቻ ይበላል። የሚበላው ሕፃን ደግሞ ምርጫ አልተሰጠውም።

ምርመራው የማይቻል ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ከአንገት የሊምፍ ዕጢ ወይም ከአንጎል ግንድ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይላካል። ዊስኮንሲንን የመሰሉ ግዛቶች በነጻ ይመረምራሉ። ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው በማቀዝቀዣ ይቆያል። «አልተገኘም» የሚለው ውጤት መቶ በመቶ ዋስትና አይደለም፤ ገና የጀመረ በሽታ ሊያመልጠው ይችላል። ቢሆንም ካለማወቅ እጅግ ይሻላል።

ታዲያ ለምን በብዙ ቦታ ምርመራው በፈቃደኝነት ብቻ ቀረ? የግዛቶቹ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች ከገቢያቸው ትልቁን ድርሻ የሚያገኙት ከአዳኞች ነው። አዳኝን የሚያስቀይም ግዴታ ማውጣት ይከብዳቸዋል። ይህ ችግራቸው ሊገባን ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ያልተጠየቀው ተመጋቢ መሆን የለበትም።

መፍትሔው አደንን መከልከል አይደለም። የአጋዘን ሥጋ ለብዙ የገጠር ቤተሰብ የክረምት ቀለብ ነው። መደረግ ያለበት ሁለት ነገር ነው። በሽታው በተገኘባቸው አካባቢዎች ምርመራ ነጻና ግዴታ ይሁን። ያልተመረመረ ሥጋም ለሌላ ሰው አይሰጥ። እስከዚያው ሥጋ የሚቀርብለት ሰው «የት ታደነ? ተመርምሯል?» ብሎ ይጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለሰጪውም ንቀት አይደለም። መልሱ «አልተመረመረም» ከሆነ ምስጋናውን አቅርቦ ሥጋውን ይመልስ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ብሪታንያ ቅጠሉን የፈለገችው ከተቃጠለ በኋላ ነበር።