ነቢይት ወይስ ተማሪ?

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ፍርድ ይደርስበታል። አንደኛው ወገን «የልጆች ተረት» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ደራሲው የጻፈው ነገር ደረሰ ሲባል የሰማ እንደ ሆነ፥ ያንኑ ደራሲ ወስዶ ከነቢያት ተራ ያሰልፈዋል። እኛ ግን ሁለቱም ፍርዶች መጽሐፉን ካለማንበብ የመጡ ናቸው እንላለን፤ ለዚህም የአሜሪካዊቷን ደራሲ የኦክታቪያ በትለርን ሕይወት በምስክርነት እንጠራለን።

በትለር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ ፓሳዴና በምትባል ከተማ ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ጫማ ጠራጊ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች ሞተ። እናቷ የሰው ቤት እያጸዳች አሳደገቻት፤ አሠሪዎቿ የጣሏቸውንም መጻሕፍት እየለቀመች ታመጣላት ነበር። ልጅቱም አድጋ ደራሲ ለመሆን በቈረጠች ጊዜ ሳህን አጥባለች፤ በፋብሪካ የድንች ጥብስ እየመረመረች ኖራለች፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሣችም ወደ ሥራ እስክትሄድ ድረስ ትጽፍ ነበር።

የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1976 ታተመ። በ1979 የወጣው «ኪንድሬድ» በሎስ አንጀለስ የምትኖር አንዲት ጥቁር ሴት በድንገት ወደ ባርነት ዘመን፥ ወደ ሜሪላንድ ስትወሰድ ያሳያል። ይህን ለመጻፍ ደራሲዋ ራሷ ሜሪላንድ ድረስ ሄዳለች፤ ባሮች የነበሩ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው የተዉትንም ጽሑፍ አጥንታለች። በ1995 የማክአርተርን ሽልማት ስትቀበል ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች የመጀመሪያዋ ነበረች። በ2006 በ58 ዓመቷ ዐረፈች።

ሰፊው ዝና የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። «የዘሪው ምሳሌ» ልንለው የምንችለው የ1993 መጽሐፏ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ብዙ ከተሸጡ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2020፥ ማለትም ከሞተች ከ14 ዓመት በኋላ ነበር። በ2021 ደግሞ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ተሽከርካሪው በማርስ ላይ ያረፈበትን ስፍራ በስሟ ሰየመው። የመጽሐፉ ታሪክ የሚጀምረው በ2024 ነው፤ ዝናም ጠፍቷል፤ ውሃ ከቤንዚን ይወደዳል፤ ሰው በግንብ አጥር ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። አንባቢው በወረርሽኝና በሰደድ እሳት ዘመን ይህን ሲያይ «ነቢይት ነበረች» አለ።

ክብሩስ ይገባታል። ነገር ግን ነቢይት የሚለው ስም ድካሟን ይሰርቃታል። ትንቢት ከላይ የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ የበትለር ዕውቀት ግን ከቤተ መጻሕፍትና ከጋዜጣ ቍራጭ የተለቀመ ነበር። በ2000 ባሳተመችው ጽሑፍም የነገውን ለመገመት የሚፈልግ ሰው ካለፈው ይማር ስትል መክራለች። ከዚህም በላይ ይህ ስም ለእኛ ለአንባቢዎች የተመቸ ማምለጫ ነው፤ እርሷ በጸጋ ካየች፥ ያላየ ሰው አይወቀስምና። ዳሩ ግን እርሷ ቈርጣ ያስቀመጠችው ጋዜጣ በሰው ሁሉ እጅ ነበረ።

«በምንም ሰበብ ቢሆን መነበቧ አይሻልምን?» የሚለን አይጠፋም። ትንቢት ፈልጎ የሚያነብ ሰው የደረሰውንና ያልደረሰውን ቈጥሮ መጽሐፉን ይዘጋል። «ኪንድሬድ» አንድም ነገር አልተነበየም፤ ታዲያ ዋጋው ያነሰ ነውን?

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የምንማር ሰዎች ይህን የመሰለውን መጽሐፍ በንቀት ማለፍም፥ በአድናቆት ብቻ መሳለምም አይገባንም። እንደ ጥናት እናንብበው፤ እንከራከርበት። ይልቁንም ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ የሚጽፈውን ደራሲ በሕይወት ሳለ እንፈልገው። በቁሙ ያላነበብነውን ሰው በተዝካሩ ቀን ብናወድሰው፥ ውዳሴው ለእኛ እንጂ ለእርሱ አይደርስም።