የሂንዱ ሊቃውንት የማይስማሙበት ጥያቄ

ጅቡቲ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሕንዶች ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የጉጃራት ነጋዴዎች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደዚህ ወደብ መመላለስ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ሲፋፋም ደግሞ ከአራት ሺሕ በላይ ሕንዳውያን ከዚያ ወጥተው ብዙዎቹ አገራቸው የገቡት በጅቡቲ በኩል ነው። ኤምባሲዎችና ሰፋፊ ቪላዎች በሚበዙበት በፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚሠራም ሆነ ወደቡ ላይ ጭነት የሚያስፈጽም የአገራችን ሰው ሕንዳዊ ደንበኛ ወይም ጎረቤት አያጣም።

ሂንዱዎች በምን ያምናሉ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ አጭር ነው። አንዱ “ጣዖታቸው ብዙ ነው” ብሎ ይዘጋዋል። ትንሽ ያነበበው ደግሞ “ለእነሱ ሁሉም ነገር አንድ ነው፤ ዓለም ከንቱ ሕልም ናት” ይላል። ሁለተኛው የተማረ ሰው መልስ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ማንም አይሞግተውም። እሱም ቢሆን ግን የአንድን የፍልስፍና ትምህርት ቤት አቋም የሁሉም አድርጎ የሚያቀርብ ስህተት ነው።

ሁሉም ነገር አንድ ነው ወይ በሚለው ላይ የሂንዱ ሊቃውንት ያደረጉትን ክርክር በቅርብ ለማየት ከጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፋቸው ከቻንዶግያ ኡፓኒሻድ አንድ ታሪክ ይበቃል። ኡዳላካ የተባለ አባት ልጁን ሽቬታኬቱን ጨው ውሃ ውስጥ እንዲጨምር ያዘዋል። በማግስቱ “ያን ጨው አምጣው” ይለዋል። ልጁ ቢፈልግ አያገኘውም። አባትየው ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች እያስቀመሰ ይጠይቀዋል፤ የትም ቢቀምሰው ጨው ነው። የማይታየው የሁሉ ነገር መሠረትም እንዲሁ በሁሉ ውስጥ አለ፤ አንተም እሱ ነህ ብሎ ያስተምረዋል።

ጨው ከአሳል ሐይቅ የሚዛቅባት የጅቡቲ ነዋሪ ታሪኩን ለመረዳት አይቸገርም። የሕንድ ሊቃውንት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ተሟግተውበታል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተነሣው የኬረላው ሻንካራ፣ በእውነት ያለው ብራህማን የተባለው የሁሉ ነገር መሠረት ብቻ ነው፤ የሰው ነፍስም በመጨረሻ ከእሱ የተለየች አይደለችም፤ ልዩነት የሚታየን ካለማወቅ ነው አለ። ይህ አድቫይታ የሚባለው ትምህርት ነው። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታሚል አገር ያስተማረው ራማኑጃ አልተቀበለውም። ነፍሳትም ዓለምም እውነተኛ ናቸው፤ ነፍስ በሥጋ ውስጥ እንደምትኖር አምላክም በውስጣቸው ይኖራል፤ ከእሱ ተነጥለው አይቆሙም፣ ግን እሱን አይደሉም ሲል አስተማረ።

የኡዱፒው ማድቫ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሁለቱም ርቆ ሄደ። አምላክና ነፍስ፣ አምላክና ቁስ፣ ነፍስና ነፍስ፣ ነፍስና ቁስ፣ ቁስና ቁስ ለዘላለም የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም ግን በአምላክ ላይ የተደገፉ ናቸው አለ። ለእሱ የጨዉ ታሪክ ራሱ የልዩነት ማስረጃ ነው፤ ጨውና ውሃ ሁለት ነገሮች ናቸውና።

ሦስቱም የተነሡት ከአንድ መጽሐፍ ነው። የሂንዱዎችን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ቬዳን የሚቀበሉ ሌሎች የፍልስፍና ትምህርት ቤቶች ሲጨመሩ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። የጥንቱ ሳንክያ ንቃተ ሕሊናና ተፈጥሮ የሚባሉ ሁለት ዘላለማዊ ነገሮች አሉ ይላል፤ ፈጣሪ አያስፈልገውም። ሚማንሳም ለዓለም ፈጣሪ አይሰጣትም። የኒያያው ኡዳያና በበኩሉ አምላክ መኖሩን በሎጂክ ለማረጋገጥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል።

ታዲያ “ሁሉም አንድ ነው” የሚለው እንዴት የሁሉም ስም ሆነ? አንዱ ምክንያት አድቫይታ በእንግሊዝኛ የጻፉ ታላላቅ ጠበቆች ማግኘቱ ነው። ከእነርሱ ዋነኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በፕሬዚዳንትነታቸው ኢትዮጵያን የጎበኙት ፈላስፋው ሳርቬፓሊ ራድሃክሪሽናን ናቸው። መጽሐፎቻቸው ለዓለም ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ይሁንና ሻንካራን ከፍ አድርገው ማሳየታቸው ራማኑጃና ማድቫ በውጭ አንባቢ ዘንድ እንደ ተከታይ እንዲታዩ አድርጓል። ይህ ፍርድ ተገቢ አይመስልም። ደቡብ ሕንድ ውስጥ የሁለቱን ትምህርት እየኖሩበት የሚጸልዩ ብዙ ሕዝብ አለ።

ወደ እኛ አካባቢ የመጡትን የጉጃራት ነጋዴዎች ካነሣንማ ነገሩ ይብሳል። በጉጃራት ነጋዴዎች ዘንድ ሥር የሰደደው የቫላባ ትምህርት ነው። ከ1479 እስከ 1531 እ.ኤ.አ. የኖረው ቫላባ ዓለም ራሷ ብራህማን ስለሆነች እውነተኛ ናት፣ ሕልም አይደለችም ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው “ለእናንተ ዓለም ከንቱ ናት” ማለት የእምነቱን ተቃራኒ እምነትህ ነው ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ከኢትዮጵያዊ የበለጠ የተዘጋጀ አንባቢ ብዙ የለም። የመጽሐፍ መምህሮቻችን አንዱን ኃይለ ቃል “አንድም” እያሉ በየመልኩ ይተረጉማሉ። ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ እየተባለ የተካሄደው ክርክር ነገሥታትን አነጋግሯል፤ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አስጠርቷል። የውጭ ሰው መጥቶ “ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሁሉም ያው ናቸው” ቢለን፣ አባቶች ያን ያህል የተሟገቱበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ደመሰሰው እንላለን። ሕንዶችም እንዲሁ ማለት ይገባቸዋል።

ከሕንድ የመነጨ ታሪክ ወደ ቋንቋችን ማምጣትም ለእኛ አዲስ አይደለም። እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበራላምና የይዋስፍ መጽሐፍ ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ዛሬ የሚያስፈልገው የቻንዶግያን ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ አዘጋጅቶ የሻንካራን፣ የራማኑጃንና የማድቫን ሐሳብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህራንና አንድ ደፋር አሳታሚ ሊጀምሩት ይችላሉ። የአንድምታ ትርጓሜ የተማረ ሰው አብሯቸው ቢሠራ መልካም ነው፤ ሦስቱን ሳያደባልቅ አንባቢው እንዲለያቸው አድርጎ የማቅረብ ልምድ አለው።