ዳኛው ክፍተቱ አይደለም

«ሁለት ቃላት ተጣብቀው ከተጻፉ ጥምር ቃል ናቸው፤ ተለያይተው ከተጻፉ አይደሉም።» እንግሊዝኛ ስንማር ስንቶቻችን ይህን ሸምድደናል! እኔ ግን ይህ ሕግ አይደለም ባይ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ መልመጃው ላይ «አይስ ክሪም»ን ጥምር ቃል ብሎ ኤክስ ተደርጎበታል። ለምን? መሃሉ ክፍተት አለዋ!

ኧረ በሕግ! እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሾርተር ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት 6ኛ እትም ከ16,000 ገደማ ቃላት መሃል ሰረዙን አነሳ። «አይስ ክሪም» ለሁለት ተከፈለ፤ አልቃሻ ማለት የሆነው «ክራይቤቢ» ተጣበቀ። ታዲያ አይስ ክሪም በዚያ ዓመት ጥምር መሆኑ ቀረ? የተቀየረው አጻጻፉ እንጂ ቃሉ አይደለም።

በምን እንለይ ታዲያ? በጆሮና በትርጉም። «ብላክበርድ» የአንድ ወፍ ዝርያ ስም ነው፤ ሲነገር ጎልቶ የሚሰማው «ብላክ» ነው። «ብላክ በርድ» ግን ማንኛውም ጥቁር ወፍ ነው፤ እዚህ «በርድ»ም ይጎላል። የብላክበርድ ሴቷ እንዲያውም ቡናማ ናት! እስቲ ፊቱ «ቬሪ» ጨምሩበት። «ቬሪ ብላክ በርድ» ያስኬዳል፤ በጣም ጥቁር ወፍ ነው። የዝርያው ስም ላይ ግን «ቬሪ» አይገባም፤ ምክንያቱም «ብላክ» እዚያ ቅጽል መሆኑን ትቶ የስሙ አካል ሆኗል።

ጆሮም ብቻውን አይበቃም። «አፕል ኬክ» ሲባል የሚጎላው ፊተኛው ነው፤ «አፕል ፓይ» ሲባል ኋለኛው። ስለዚህ ምልክቶቹን አብሮ ማየት ነው እንጂ በአንዱ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ቤተ ክርስቲያን»ን አንዱ ለይቶ፣ ሌላው አጣብቆ ይጽፈዋል፤ ቃሉ ግን ያው ነው። «ሆደ ሰፊ» ስንልም የምናወራው ስለ ታጋሽ ሰው እንጂ ስለ ቦርጫም አይደለም።

ክፍተት አይቶ ማረም ለመምህሩ እንደሚቀል ይገባኛል፤ የሚታረመው ደብተር ብዙ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው። ቃሉን ቆራርጦ መተርጎም የለመደ ልጅ «ግሪንሃውስ»ን አረንጓዴ ቤት ይለዋል፤ ዕፅዋት የሚበቅሉበት የመስታወት ቤት መሆኑ ያመልጠዋል። ወንድሜ የመለሰው ትክክል ነው። ኤክስ የሚገባው ጥያቄው ነው።