የፀሐይ ነፋስ ጥናት ከአናታችን በላይ ይጀምር

የፀሐይ ነፋስ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በዋልታዎች ሰማይ ላይ የሚታየውን ብርሃን ነው። በእኔ እምነት ግን ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዋናው ጥያቄ ያለው በራሱ ሰማይ ላይ ነው።

በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍሰው የፀሐይ ፕላዝማ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ በቀኑ ወገን ይጨቁነዋል፤ በሌሊቱ ወገን እንደ ጅራት ያስረዝመዋል። ነፋሱ ተሸክሞት የሚመጣው መስክ ወደ ደቡብ ሲያዘነብል ከምድር መስክ ጋር ይገናኝና ኃይል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚህ የሚመነጨው ኤሌክትሪካዊ መስክ በዋልታዎች ተወስኖ አይቀርም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መግነጢሳዊው ወገብ ድረስ ይደርሳል። ይህ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው።

በዚህ ወገብ የመስኩ መስመሮች አግድም ስለሆኑ፣ ቀን ወደ ምሥራቅ ያቀናው ኤሌክትሪካዊ መስክ የአዮኖስፌሩን ፕላዝማ ወደ ላይ ያነሣዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ፕላዝማ የሳሳባቸው አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ የሳተላይት ምልክትንም ያውካሉ። ሀይሌ ጋርመንት ቆሞ በስልኩ ታክሲ ለሚጠራ ሰው የጥቂት ሜትሮች ስሕተት አያሳስብ ይሆናል፤ ለመሬት ቅየሳና ለአቪዬሽን ግን ጉዳዩ ከባድ ነው። የፀሐይ ማዕበል አረፋዎቹን አንዳንዴ ያበዛቸዋል፣ አንዳንዴም ይገታቸዋል። ስለዚህ የማዕበሉን ዓለም አቀፍ መጠን ማወቅ ብቻውን እዚህ የሚሆነውን አይነግረንም።

ስለ ወገብ አዮኖስፌር የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከፔሩው የሂካማርካ ራዳር ነው። የአፍሪካ ሰማይ ግን የፔሩ ግልባጭ አይደለም። የሳተላይት መረጃ በነፃ እያለ የምድር መሣሪያ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ሳተላይት አልፎ ይሄዳል፤ ጣቢያ ግን አንድን ሰማይ ቀንና ሌሊት ይጠብቃል። የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መግነጢሳዊ ልኬት የጀመረው በ1950 ዓ.ም.፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። የአዲስ አበባና የአዲግራት ማግኔቶሜትሮች ንባብ ልዩነትም በወገቡ ላይ የሚፈሰውን ኤሌክትሮጄት ለመገመት አገልግሏል። እንዲህ ያለው ስሌት ጥንድ ይሻል፤ አንደኛው ጣቢያ ሲቋረጥ የሌላውም ንባብ ጥቅሙ ይጎድላል።

ስለዚህ በዘርፉ የሚቀርብ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ማዕበልን በአገር ውስጥ ልኬት ይመርምር። መሣሪያን መጠገንና ንባብን ማጥራትም እንደ ምርምር ይቆጠር። ያልተለካ ማዕበል ተመልሶ አይለካምና።