ብርቱ ሰው ከኋላ ይሂድ

ልጆች ሆይ፤ በሐምሌና በነሐሴ ከቦሌ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው፣ አስፋልቱ ካለቀበት ስፍራ ጀምሮ ጥቁር መሬት ያገኛል። ይህም መሬት ዋልካ ይባላል። ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እግርንም ይይዛል። ጭቃው በጫማ ላይ እየተደረበ ስለሚሄድ፣ ጫማው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ውሃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ስፍራም ማጥ አለ፤ በችኮላ የሚሮጥ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል።

ከዚህ ሜዳ ወዲያ የየረር ተራራ ይታያል። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ሲል፣ የየረር ጫፍ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። እናንተም አንድ ቀን ከታላላቆቻችሁ ጋራ በማኅበር ሆናችሁ ወደዚያ በእግር ትሄዱ ይሆናል።

ታዲያ በእንዲህ ያለ መንገድ ማን ከፊት ይሂድ? ማንስ ከኋላ ይሁን? ብዙ ሰዎች፣ ብርቱው ይቅደም፤ ደካማውም እርሱን እያየ ይበረታል ይላሉ። ይህ በደረቅ መንገድ መልካም ይሆናል፤ በጭቃ ግን የሚገባ አይመስለኝም። የፊተኛው ሰው ዓይን ወደ ፊት ነውና፣ በማጥ የተያዘውን ትንሽ ልጅ አያየውም። ዝናብ ሲበረታና ጉም ሲወርድ የልጁ ጩኸት አይሰማም፤ ሰውነቱም በርጥብ ልብስ ውስጥ ቶሎ ይበርዳል። ብርቱው ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ ዘወር ቢል ጓደኛውን ያጣዋል። እንዲህ ያለ ብርታት ለማን ይጠቅማል?

ስለዚህ መንገዱን የሚያውቅ ሰው በትር ይዞ፣ መሬቱን እየወጋ፣ በዝግታ ይምራ። ደካሞቹ በመካከል ይሁኑ። ከሁሉ የበረታው ግን ከኋላ ይሂድ፤ የወደቀውን ያነሣ ዘንድ፣ የደከመውንም ሸክም ይቀበል ዘንድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። የአገራችን እረኛ በጎቹን ሲነዳ ከኋላ የሚሄደው ስለ ምንድን ነው? የሚቀረውን ያይ ዘንድ አይደለምን?

ወንዝ ሞልቶ ብታገኙም አትሻገሩ። እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ ፈጣን ውሃ ሰውን ሊጥል ይችላል። «እንመለስ» የሚለውን ልጅ ፈሪ ብላችሁ አትሳቁበት፤ ተራራው ነገም በስፍራው ይገኛል። ጭቃውን ለመሸሽ ብላችሁም ጤፍ በተዘራበት እርሻ አትለፉ፤ የምትረግጡት የገበሬውን የዓመት እንጀራ ነው።

እንግዲህ ጉዞው በተፈጸመ ጊዜ፣ ማን ቀደመ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁላችን ደርሰናልን ብላችሁ ጠይቁ እንጂ። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ንባብ የቀለለው ልጅ ፊደል ከከበደው ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ ቢያስጠናው፣ እርሱም ከኋላ የሚሄድ ብርቱ ነው።